ዲንካን ተቀምጦ መስማት

እኔ በሶዶ ከተማ የማይክ ሰው ነኝ። እንጀራዬ የአማርኛ መምህርነት ነው። ይሁንና ከተማው ውስጥ መድረክ በተዘረጋ ቁጥር፣ የባህል ቀን ይሁን የሥዕል ዐውደ ርዕይ ወይም የወጣቶች ቲያትር፣ "መምህሩን ጥሩት" ይባላል። አንዲት ባልደረባዬ በወላይትኛ፣ እኔ በአማርኛ እየተፈራረቅን እናስተዋውቃለን። አያቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተልኮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ። ወላይትኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ጭቃ ላይ እንደሚራመድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች ሲጨፍሩ ከዳር ቆሜ ጭፈራውን ሳብራራ ኖሬአለሁ። ቅርም አይለኝም ነበር። ማይክ የያዘ ሰው ቢያንስ ዝናብ ሲመጣ ድንኳን ውስጥ ቀድሞ የሚገባ እሱ ነው።

ከተማችን የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ መድረኩ በዝቷል። ንግግሩ ከዘፈኑ ይረዝማል፣ ድምፅ ማጉያው ከዘፋኙ በላይ ይጮኻል፣ እኔም እነጫነጫለሁ። ቢሆንም ልሸሽግ አልችልም፤ እወደዋለሁ። ከሁምቦ አቧራ ለብሰው የመጡ ወጣቶች ልብሳቸውን አራግፈው መድረኩ ላይ ሲወጡ፣ ከቤሌ የመጣ ክራር ደርዳሪ በፍርሃት ጀምሮ መሃል ላይ እኛን ሁሉ ሲረሳን፣ ነጭናጫው ሰውዬ ጸጥ ይላል። ባልደረባዬ ይህን ስለምታውቅ ማይኩን ከእጄ የምትቀበለኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ የምነግርላቸው ሽማግሌ የመጡት በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ለክልሉ የባህል መድረክ የሚቀርቡ ቡድኖች አዳራሽ ውስጥ ይመረጡ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የዳኞቹ ሻይ ቀዝቅዟል፣ እኔም እየተሰላቸሁ "ቀጥሎ ከቦምቤ፣ ዲንካ!" ብዬ ተጣራሁ።

አንድ ሰው ብቻ ወጡ።

ዲንካን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ሥራዬ ነውና። ረጅም የቀርከሃ መለከት ነው፣ ጫፉ ላይ ቀንድ ይገጠምለታል። አንዱ ዲንካ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙ ሆነው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ያቺን አንዷን ድምፁን ይነፋል፤ ዜማው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየዘለለ ይሄዳል። አንድ ሰው ለብቻው ዲንካ ሊነፋ መጣ ማለት፣ ለብቻው ገመድ ጉተታ ሊወዳደር መጣ እንደማለት ነው።

"አባባ፣ ሌሎቹስ?" አለች የዳኞቹ ሰብሳቢ።

"የሉም።"

"መንገድ ላይ ናቸው?"

"መንገድ ላይ አይደሉም። የሉም።"

ከዚያ ዲንካውን አንስተው ነፉ። አንድ ወፍራም፣ ሙሉ ድምፅ ወጣ። ዝም አሉ። ቆይተው ደግመው ነፉ። አሁንም ዝም። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አከታትለው ነፉና እንደገና ዝም አሉ። ዳኞቹ ተያዩ። አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ጀምረዋል ወይስ እየሞከሩ ነው?" አለኝ።

እኔ አጠገባቸው ስለቆምኩ ፊታቸውን አያለሁ። ዝም ሲሉ ዝም አላሉም። አንገታቸው ይነቀነቃል፤ ዓይናቸው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ማንም ለሌለበት ቦታ ተራ ይሰጣሉ፣ ማንም ከሌለበት ቦታ ተራ ይቀበላሉ። ዜማውን በሙሉ እየተጫወቱት ነበር፤ ለእኛ የሚሰማን ግን የሳቸው ድርሻ ብቻ ነው።

ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል የሰው ማንጎራጎር ተሰማ። የአዳራሹ ጥበቃ ነው። ይህ ጥበቃ ሻይ ይዛችሁ አትገቡም እያለ ሁላችንንም የሚያስመርር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። አሁን ዱላውን ተደግፎ፣ ሽማግሌው ዝም ባሉበት ቦታ ላይ በጉሮሮው አንዲት ድምፅ ያስገባል። ከዳኞቹ አንዱ "ኧረ ዝም በል!" ብሎ ገሠጸው። ሽማግሌው ግን ሳያቋርጡ ዲንካቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ማለቁን ያወቀ ስላልነበረ ያጨበጨበም የለም።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት በወላይትኛ።

ጥበቃው የአባቱን ስም ተናገረ።

"አባትህ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር" አሉት። "አንተም ትዘገያለህ።"

ጥበቃው እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በሩን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። አባቱ የሞቱት እሱ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ስለ አባቱ ሰው ሁሉ የሚነግረው ውዳሴ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወቀሳ ሲሰማ አባቱ በሕይወት ያሉ ያህል ተሰማው።

ዳኞቹ ግራ ተጋቡ። በቡድን እንዳይመርጧቸው ቡድን የለም፤ በግል እንዳይመርጧቸው የቀረበው ዜማ አምስት ሰው የሚፈልግ ነው። ሰብሳቢዋ በትሕትና፣ እውነትም አዝና፣ ሌላ ጊዜ ጓደኞች ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ምንም አልከፋቸውም። ዲንካቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ፣ እኔም ማይኩን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ተከተልኳቸው።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ገባን። ዝንጅብል አምራች ናቸው፤ የቀረበላቸውን ሻይ አሽትተው "ይሄ ዝንጅብል የእኛ አይደለም" ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን ጠጡት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ ለመመረጥ አልመጣሁም። ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

እንደ ብዙ የአገሩ ሰው በአማርኛ ሲያወሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ነገራቸው ግን ቅልጥፍ ያለ ነው።

"ከልጅነት ጀምሮ እነፋለሁ። ሠርግ እንጠራለን፣ ለቅሶ እንጠራለን፣ ጊፋታ እንጠራለን። ሰው ይጨፍራል፣ ሰው ያለቅሳል። እኔ ግን አላውቅም።"

"ምኑን?"

"የሚያስለቅሰውን ነዋ! እኔ መሃል ነኝ። ከእኔ በፊት ያለውን እጠብቃለሁ፣ የራሴን እነፋለሁ፣ ሌላው ለእኔ ጩኸት ነው። አንድ ቀን ሚስቴን ጠየቅኩት። ከውጭ ሲሰማ ምን ይመስላል አልኩት። ዳሞታ ተራራ ላይ ዝናብ ሲመጣ ይመስላል አለኝ። አሁን ሚስቴ ሞተ። ጓደኞቼ አንዱ ድሮ ሞተ፣ እሱ የዚህ ጥበቃ አባት ነው፤ ቦታውን የያዘውም ሞተ። አንዱ ጥርሱ ረገፈ፣ እንዴት ይነፋል? አንዱ ሐዋሳ ልጁ ጋ ገባ። አንዱ ከነሕይወቱ ነው፣ ግን ዓይኑ ጠፋ፣ ከቤት አይወጣም። ዲንካዎቹ ቤቴ ተሰቅለዋል። እኔ አንድ ጊዜ፣ ከመሞቴ በፊት፣ ቁጭ ብዬ መስማት እፈልጋለሁ። እንደ ሰው።"

በስልክ የተቀዳ አይኖርም ወይ አልኳቸው። የልጅ ልጃቸው አንድ ጊዜ ቀድቶላቸው እንደነበር ነገሩኝ። "ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው" አሉ። "ዲንካ ደረት ላይ ካልመታ ዲንካ አይደለም።"

በዚያ ዕድሜ ሰው መሬት ይመኛል፣ ጤና ይመኛል፣ የልጅ ልጅ ሠርግ ይመኛል። እኚህ ሰው የሚመኙት ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲሰጡ የኖሩትን ነገር አንዴ መቀበል ነው። እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ወደድኳቸው። መስከረም ላይ ለሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ እናደርሰዋለን ብዬ ቃል ገባሁ። ወሬ መሸጥ ልማዴ ስለሆነ አፌ ቀደመኝ እንጂ፣ ከየት ሰው እንደማመጣ አላውቅም ነበር።

ሰዉን ያመጣው ጥበቃው ነው። እሱ ራሱ አንዱን ያዘ። ባጃጅ የሚነዱ ሁለት ወንድማማቾች ጎረቤቶቹ ነበሩና ጎትቶ አመጣቸው። አራተኛው ገበያው አጠገብ ዱንጉዛ የሚባለውን የወላይታ የባህል ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ሆነ፤ ቀይና ጥቁር ክር ከትከሻው ጠፍቶ አያውቅም። አምስተኛው ቦታ የሽማግሌው የራሳቸው ነው፤ እሱን ለማን እንደሚሰጡ አልተናገሩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከአዳራሹ ጀርባ እንገናኝ ጀመር። ሽማግሌው ዲንካዎቹን አውቶቡስ ላይ ጭነው በአረካ በኩል ይመጣሉ። መናኸሪያ ወርደው በባጃጅ ሲደርሱ ቀንዶቹ በሁለቱም በኩል ስለሚወጡ ባጃጇ በሬ ትመስል ነበር። እኔ ሥራዬ ምን እንደሆነ ባይታወቅም በየሳምንቱ እገኛለሁ። ወንበር አቀብላለሁ፣ አስተያየት እሰጣለሁ።

አስተማማራቸው ግን ጉድ ነው። ዜማውን ለማንም አላሰሙም። ለእያንዳንዱ የሚነግሩት ከማን ቀጥሎ እንደሚነፋ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው ቢቸግረው "ቆይ፣ ዜማው ራሱ ምንድን ነው?" አለ።

"እሱ አንተን አይመለከትም" አሉት። "አንተ ከጥበቃው ቀጥሎ ነህ።"

እኔም የመምህርነት አመሌ ተነሥቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በጭብጨባ ላግዛቸው ሞከርኩ። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። "መምህር፣ ቁጥር ከያዙ ሰውየውን አይሰሙትም" አሉኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዷ ባጃጅ ጉዳይ ተኳርፈው ከፋሲካ ጀምሮ አይነጋገሩም ነበር። እኛ ይህን አናውቅም፤ ጥበቃውም አልነገረን። ሽማግሌው ታናሹን ከታላቁ ቀጥሎ አደረጉት። አንዱ የሌላውን አፍ ካላየ አይነፋም። በሁለተኛው ቅዳሜ ታላቁ ዘገየና ታናሹ ቢጠብቅ ቢጠብቅ፣ በመጨረሻ ዲንካውን ከአፉ አውርዶ "ተኝተሃል እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ!" ብሎ ጮኸበት። ታላቁም አጸፋውን መለሰ። እኔ ሊደባደቡ ነው ብዬ ስነሣ ጥበቃው ያዘኝ። "ተዋቸው፤ አወሩ እኮ" አለኝ። በስድብ ታረቁ። ማታ በአንድ ባጃጅ ሄዱ።

ፍልሰታ ሲገባ ሽማግሌው በጾም አንነፋም ብለው ቦምቤ ቀሩ። ሲመለሱ ሳል ይዟቸዋል፣ ጋቢያቸውም ሰፍቷቸዋል። ቦታቸው ሲደርስ ይነፋሉ፣ ግን ድምፃቸው መሃሉ ላይ ይሰበራል። አራቱ ለምደዋል፤ ዜማው እንደ ገመድ አምስት ቦታ ተይዞ መወጠር ጀምሯል። ሽማግሌው ግን አሁንም መሃል ናቸው፣ አሁንም አይሰሙትም። ጊፋታ እየደረሰ ነው። ሰውዬው ሳይሰሙት እንዳይሞቱ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ለሚስቴ ብቻ ነገርኳት።

አዲሱ ዓመት እንደገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሽማግሌው አንድ ዙር ተጫውተው ካስላቸው በኋላ ተነሡና ዲንካቸውን አሳቀፉኝ።

"አንተ ትነፋለህ።"

"እኔ? ኧረ አባባ፣ እኔ የማይክ ሰው ነኝ።"

"እሱ ነው የምልህ። ስለ ሁሉም ትናገራለህ፣ አንዱንም አትነፋም።"

"እኔ እኮ ቦታውን እንኳ አላውቀውም።"

"ታውቃለህ" አሉኝ። "ሁልጊዜ አይሃለሁ። እዚያ ትቆማለህ፣ እጅህ ኪስ ውስጥ ነው፤ የእኔ ቦታ ሲደርስ ጉንጭህ ይነፋል።"

አራቱም ሳቁ። ለካ ሁሉም አይተውኛል። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ የሰው በዓል ሳስተዋውቅ፣ አንድ ሰው "ያንተ ቦታ ይህ ነው" ብሎ ሲያሳየኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

የመጀመሪያው ትንፋሼ የታነቀ ጥጃ ድምፅ አወጣ። እቤት ስለማመድ ሚስቴ ወደ እንሰቱ ጓሮ አባረረችኝ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ ብለው "ላሟ ታመመች እንዴ?" ብለው ጠየቁ፤ እኛ ላም የለንም። ከንፈሬ አበጠ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ተንሾካሾኩ። ዳሩ ግን "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አይደል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ዲንካው የዲንካ ድምፅ አወጣልኝ።

ጊፋታ ደረሰ። ትልቁ በዓል በትልቁ ሜዳ ነው፤ እኛ የተመረጥን ስላልሆንን የሰፈራችን ሰው በሚሰበሰብበት ከዳሞታ ግርጌ ያለ ሜዳ ላይ ቆምን። ሰዉ ዱንጉዛውን ለብሶ "ዮ ዮ ጊፋታ!" እየተባባለ ይተቃቀፋል። ቅቤ የጠጣ የቆጮ ሙቹዋ በየሳህኑ ይዞራል፣ ዳታ የሚባለው የቃሪያ ማባያ አፍንጫ ይሰብራል። ባልደረባዬ ማይኩን ይዛ በሁለቱም ቋንቋ አስተዋወቀችን፤ አማርኛውን ያውም ከእኔ አሳጥራ፣ ከእኔ አሳምራ። ለሽማግሌው ከፊት ለፊታችን የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥንላቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ዳኛ መስለው ተቀመጡ።

ጥበቃው ጀመረ፣ ልብስ ሰፊው ተቀበለ፣ ወንድማማቾቹ ተቀባበሉ፣ ወደ እኔ መጣ። ነፋሁ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዜማው ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ የሰማሁት ታናሽየውንና ራሴን ብቻ ነው፣ ሌላው ጩኸት ነበር። ሽማግሌው የነገሩኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሲነቀንቅ፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አያለሁ። ምኑ እንዳስለቀሳቸው አላውቅም።

ሽማግሌውን አየኋቸው። የእኔ ቦታ በደረሰ ቁጥር ጉንጫቸው ይነፋል። ዓይናቸው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ጉንጫቸው ይነፋል። ከእኔ ጋር፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እስከ መጨረሻው ነፉት።

ጨርሰን ሰዉ ሲጮኽ ሮጬ ሄድኩ። "ሰሙት?" አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቀነቁ። "አልሰማሁም። ቦታዬ ሲደርስ እሄዳለሁ።" እንባቸው ቀርቦ ነበር። የሚናደዱት በራሳቸው ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አፋቸው አላስቀምጥ አላቸው።

አጠገባቸው አንዲት የጎረቤት ሴት የሙቹዋ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ሳህኑን አዩት፣ ሴትዮዋን አዩ።

"አጉርሰኝ" አሏት። "ትልቅ አድርገህ።"

ሴትዮዋ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። "ጨምር" አሉ በእጃቸው። ደገመቻቸው። ጉንጫቸው በሁለቱም በኩል አበጠ፤ ቅቤው በአገጫቸው ወረደ። ከዚያ በትራቸውን አንሥተው ወደ ቦታችን እንድንመለስ አመለከቱን።

ገባኝ። ሮጬ ተመልሼ ዲንካዬን አነሣሁ፣ ለሌሎቹም "ይደገም" አልኳቸው። ጥበቃው ጀመረ፤ ያቺን የአባቱን መዘግየት ዘገየ። ልብስ ሰፊው ተቀበለ፣ ታላቁ ለታናሹ ሰጠ፣ ታናሹ ለእኔ ሰጠኝ። ነፋሁና አየኋቸው። ጉንጫቸው ሙሉ ነው፣ መንፋት አይችልም። ያኝካሉ። ሁለተኛው ዙር መጣ፣ አሁንም ያኝካሉ። በሦስተኛው ዙር ላይ ማኘክ አቆሙ። በትራቸው ከጉልበታቸው ወድቆ አላነሡትም። አፋቸውን እንደሞላ፣ ምንም ሳይንቀሳቀሱ፣ ልክ ከሌላ አገር እንደመጣ እንግዳ እኛን ያዩናል፤ እንባቸው በቅቤው ላይ ወረደ። እኔም ላለቅስ ስል ታናሽየው በክርኑ ጎሰመኝ፤ ቦታዬን ላሳልፈው ነበር።

ስንጨርስ አላጨበጨቡም። ቀስ ብለው ዋጡ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ እኔ እስክደርስ ጠበቁኝ።

"ሚስቴ እውነቱን ነው" አሉኝ። "ዝናብ ነው።"